የታመመ ልጅ አደራ

ልጁ ሆስፒታል የተኛበት ወላጅ ሁለት ጥያቄ ተሸክሞ ይቀመጣል። አንዱን ለሐኪሙ ያቀርበዋል፤ ልጄ ይድናል ወይ? ሌላውን ግን ለማንም ማንሣት ይከብደዋል። ሲጨንቀው ብቻ ለንስሐ አባቱ ወይም ለሚያምነው መምህር በለሆሳስ ይናገረዋል፤ ይህ ነገር በእኔ ኃጢአት የመጣ ነው ወይ? በዛሬው ትምህርታችን ሕፃናትን አልጋ ላይ ስለሚጥለው ስለ ኢንፍሉዌንዛ እንማራለን። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ የምናያቸው ሁለተኛው በትክክል ካልተመለሰ የመጀመሪያውን ስለሚያበላሸው ነው። ልጄ የታመመው በእኔ በደል ነው ብሎ የሚያፍር ወላጅ ይዘገያል፤ ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ለዘገየ ሰው አይመችም።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። ተራ ጉንፋን ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ አፍንጫ ያፈስሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ልጁ ግን ይጫወታል። ኢንፍሉዌንዛ እንዲህ አይደለም። ጠዋት ደህና ሆኖ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ማታ በትኩሳት ነድዶ ይተኛል። ሰውነቱን ይቆረጣጥመዋል፣ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፤ ትንንሾቹ ላይ ማስታወክና ተቅማጥም ይጨመራል። አብዛኞቹ ልጆች በሳምንት ገደማ ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን ወደ ሳንባ ምች ይሻገርባቸዋል፣ ወይም ፈሳሽ ከሰውነታቸው ያልቃል፣ ወይም ያንቀጠቅጣቸዋል፤ አልፎ አልፎም አንጎልንና የልብን ጡንቻ ይነካል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉት፣ ይልቁንም ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ እንዲሁም አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የነርቭ ችግር ያለባቸው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ቁጥሩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች 870,000 ያህሉ በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት በመጣ የሳንባ ሕመም ሆስፒታል መተኛታቸውን፣ ከእነዚህም 15,300 ያህሉ እዚያው ማረፋቸውን ተመራማሪዎች ገምተዋል። ቤታቸው የሞቱት ሲጨመሩ ቁጥሩ እስከ 34,800 ሊደርስ ይችላል። ያ ዓመት ደግሞ የወረርሽኝ ዓመት አልነበረም። ማንም በዜና ያላወጀው፣ በየዓመቱ የሚመላለሰው በሽታ ያደረሰው ነው።

ወረርሽኝ የሚባለው ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይለወጣል፤ ሰውነታችን ግን ካለፈው ዓመት የሚያስታውሰው ነገር ስላለ በከፊልም ቢሆን ይቋቋመዋል። አንዳንድ ጊዜ ከእንስሳት ዘንድ ያለፈ፣ ብዙ ሰው ከዚህ በፊት ያልተዋወቀው ቫይረስ ይነሣል። በ1918፣ በ1957 እና በ1968 እ.ኤ.አ. የሆነው ይህ ነው። የመጨረሻው በ2009 ተነሣ፤ በሚያዝያ ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ በመጀመሪያ የተለየው ከሁለት ልጆች ናሙና ነበር። ኤች ዋን ኤን ዋን የተባለው ነው፤ ሕዝቡ የአሳማ ጉንፋን ብሎ ጠራው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 11 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ መሆኑን አወጀ። አረጋውያን በወጣትነታቸው ተመሳሳይ ቫይረስ አግኝቷቸው ስለ ነበር ብዙዎቹ መከላከያ ነበራቸው፤ ሸክሙ የወደቀው በልጆችና በጎልማሶች ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ሐኪሞች አንድ ጥያቄ ያዙ። በወረርሽኙ ሆስፒታል የሚገቡት ልጆች በተለመደው ኢንፍሉዌንዛ ከሚገቡት ይብስባቸዋል ወይ? በካናዳ ቶሮንቶ የሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ሁለቱን አስተያየ። በወረርሽኙ የተኙት ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ነበር፤ አስም ያለባቸውም በርከት ብለው ተገኙ። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በመግባት ግን በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። በአርጀንቲና ቦነስ አይረስ አካባቢ የታየው ሌላ ነው። እዚያ ወረርሽኙ የመጣው በብርዱ ወራት መካከል ነበር፤ ሆስፒታል የተኙ ልጆች ቁጥር ካለፈው ዓመት እጥፍ ሆነ፣ የሞቱት ደግሞ ከወትሮው ዐሥር እጥፍ ያህል ደረሱ።

ይህን ልብ እንበለው። ቫይረሱ አንድ ነው፤ ጊዜውና ቦታው ግን የተለያየ ነው። የቦነስ አይረስ ወላጆች ከቶሮንቶ ወላጆች ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚል አለ? እንዲህ ብሎ መናገር የሚያሳፍር መሆኑን ማንም ያውቀዋል። ለሌላው ሰው የማንፈርደውን ፍርድ ግን በራሳችን ቤት፣ በራሳችን ልጅ አልጋ አጠገብ እንፈርዳለን።

ጌታችን ይህን አስተሳሰብ ሁለት ጊዜ በግልጽ ዘግቶታል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአት የሠራው ማን ነው፣ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁት፣ እርሱም አልበደለም ወላጆቹም አልበደሉም የሚል መልስ ሰጣቸው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎችም ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናገረ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምና ሞት በአዳም ውድቀት ወደ ዓለም መግባታቸውን ታስተምራለች። ይህ ግን የሰውን ባሕርይ ሁሉ የሚመለከት ትምህርት ነው፤ የአንዲት እናት ሕፃን በዚህ ሳምንት ለምን እንደታመመ የሚገልጥ አይደለም። ንስሐ ሁልጊዜ መልካም ነው፤ ልጁ ታመመም አልታመመም ይገባናል። ሆኖም የልጅን ሕመም የወላጅ ቅጣት አድርጎ መተርጎም ትምህርተ ሃይማኖት አይደለም፤ እንዲህ የሚናገር ሰው በቆሰለ ልብ ላይ ቁስል ይጨምራል።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ ይኸው በዓለም የተስፋፋው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ፤ ደሀና ባለጠጋ፣ ካህንና ወታደር አልለየም። አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪንም አልጋ ላይ ጥሏቸው ለጥቂት ተርፈዋል። በዚያን ጊዜ የሰውን ሞት ያበዛው አንድ ነገር ዛሬ ለእኛ ትምህርት ይሆናል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚወድቅ ለሕሙማኑ ውኃና ምግብ የሚያቀርብ ሰው ይጠፋ ነበር። ሳንባቸውን የጨረሰውም በአብዛኛው ቫይረሱን ተከትሎ የገባ ባክቴርያ እንደ ሆነ የኋላ ጥናቶች አሳይተዋል። ያን ጊዜ ፀረ ባክቴርያ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬ አለ።

ወደ መድኃኒት ከመጣን ዘንድ ስለ ሕክምና ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምታስተምር እንመልከት። በሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ በሽተኛም ጸልዮ ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጠው ያዝዛል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ ጸሎቱ ሐኪሙን አላስቀረም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ አለቀሰ፣ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማው። ዕድሜ እንደ ተጨመረለት ከሰማ በኋላ እንኳ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ተስፋውን የሰጠው እግዚአብሔር ፈውሱ በበለስ በኩል እንዲያልፍ ወደደ። ሐዋርያው ጳውሎስ በጸሎቱ ድውያንን የፈወሰ ሆኖ ሳለ፣ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል፤ አብሮት ይጓዝ የነበረው ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ድውያን የሚታከሙበትን፣ ድኆችና እንግዶች የሚያርፉበትን ትልቅ ቤት አቋቁሟል። ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓትም ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን፣ ነገር ግን ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል እንደማይገባ አስተምሯል። ሁለቱንም መያዝ ነው። በእኛም ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበል ለሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ ተናግረዋል። አምላክ ቃል ሥጋ ሆነ ብለን የምናምን ሰዎች ሥጋን ልንንቅ አንችልም። የሕፃኑ ሳንባ፣ ደሙ፣ ትንፋሹ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ለወላጅ በአደራ የተሰጠውም ነፍሱ ብቻ አይደለችም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። በወንጌለ ዮሐንስ ልጁ በቅፍርናሆም የታመመበት የንጉሥ ቤት ሹም አለ። የልጁ ሕመም ትኩሳት ነበር። ይህ አባት ጌታ ወደ ገሊላ መምጣቱን እንደ ሰማ እስከ ቃና ድረስ ወጣ፤ ልጁ ሳይሞት እንዲወርድለትም ለመነ። እምነቱ የታየው በመጀመሪያ በእግሩ ነው። እምነት አለኝ ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም። ስለዚህ ትኩሳት የያዘውን ልጅ እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ለሦስትና ለአራት ቀን ማስተኛት የዚህ አባት እምነት አይደለም። መዘግየት ነው፤ መዘግየትን እምነት ብለን አንጥራው።

ይህን በግልጽ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ኢንፍሉዌንዛን የሚያዳክመው ኦሴልታሚቪር የተባለው መድኃኒት፣ ብዙዎቻችሁ ታሚፍሉ በሚለው ስሙ የምታውቁት፣ ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሆስፒታል ለሚተኛ ልጅ ከዚያም በኋላ ይሰጣል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሌሎቹ ቀናት አይደሉም። ልጃችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው፣ አስም ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ካለበት፣ በኢንፍሉዌንዛው ወቅት ትኩሳት እንደ ያዘው በዚያው ቀን ለሐኪሙ ደውሉ። ከኢትዮጵያ የመጣ አሞክሳሲሊን የተባለ ፀረ ባክቴርያ መድኃኒት በቤት ውስጥ አስቀምጦ ለሁሉም ትኩሳት መስጠት የተለመደ ነው፤ ይቅር። ፀረ ባክቴርያ ቫይረስን አይገድልም፤ የሚያስፈልገው ባክቴርያ ከገባ ነው፤ ያንን ደግሞ ሐኪም ይወስን። ለልጅ አስፕሪን ፈጽሞ አትስጡ፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገናኝ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ለትኩሳቱ ሐኪሙ በክብደቱ ለክቶ የሚያዝዘው ፓራሲታሞል ይበቃል።

አደጋው ሲመጣ በምን ይታወቃል? ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጮኽ፣ ከተቻለ ተኝቶ ሳለ ሸሚዙን ገልጣችሁ ደረቱን ተመልከቱ። ስልካችሁን ይዛችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል። ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ፣ አፍንጫው እየተነፋ፣ ሲያስወጣ የሚያቃስት ከሆነ ሌላ ምልክት አትጠብቁ። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ለመንቃት ከተቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ለስምንት ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ሂዱ። ሦስት ወር ላልሞላው ሕፃን ትኩሳት ብቻውን ይበቃል። ሌላም የሚያታልል ነገር አለ፤ ልጁ ተሽሎት፣ ትኩሳቱ ለቅቆት፣ ከዚያ ትኩሳቱና ሳሉ ብሶበት ቢመለስ፣ ያ ብዙ ጊዜ ባክቴርያ መግባቱን ያሳያል። ድኖ ነበር ብላችሁ አትዘናጉ።

ልጁ ሆስፒታል ከተኛ በኋላ የሚመራን ጌታ ከሞት ያስነሣት የኢያኢሮስ ልጅ ታሪክ ነው። ጌታ ወደ ቤቱ ሲገባ ሕዝብ ሞልቶ ጫጫታና ልቅሶ ነበር። ሁሉን ወደ ውጭ አወጣ። ከብላቴናይቱ ጋር እንዲቀሩ የፈቀደው ለአባቷና ለእናቷ፣ ከእርሱም ጋር ለነበሩት ለሦስቱ ደቀ መዛሙርት ብቻ ነው። እኛ ጥየቃን የምናከብር ሕዝብ ነን፤ በዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። የታመመን መጠየቅ ጌታ በመጨረሻው ፍርድ የሚያነሣው ትእዛዝ ነው። ነገር ግን በኢንፍሉዌንዛ የተኛ ሕፃን ክፍል ውስጥ ዐሥር ሰው ከነልጆቹ መግባት ጥየቃ አይሆንም። ከጎኑ ባለው ክፍል ካንሰር የሚታከም ልጅ ይኖራል፤ እኛ ይዘን የምንወጣው ቫይረስ ለእርሱ ሊከብድ ይችላል። በር ላይ ጭምብልና ጓንት ተሰቅሎ ስታዩ ሐኪሞቹ ሊያርቋችሁ የፈለጉ አይምሰላችሁ። መጠየቅ የፈለገ ሰው ለእናቲቱ ምግብ ያድርስ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ትምህርት ቤት ያመላልስ። ጉንፋን ጉንፋን የሚለው ሰው ደግሞ ስልክ ቢደውል የወንጌሉን ትእዛዝ ፈጽሟል።

ካህን መጥራት ተገቢ ነው፤ ምሥጢረ ቀንዲል ለድውያን የተሰጠ ነው። አስቀድማችሁ ለነርሷ ንገሯት፤ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች በደስታ ይፈቅዳሉ። ካህኑም እጃቸውን ታጥበው፣ ጭምብል አድርገው ይገባሉ፤ መስቀሉን ከአፉ ይልቅ ግንባሩን ያስነኩታል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ልጁ በአፍንጫው ቱቦ ኦክስጅን እየተሰጠው ከሆነ በክፍሉ ውስጥ ጧፍ አይበራ፣ ዕጣን አይታጠን፣ ክብሪት አይጫር። ኦክስጅን እሳትን ያባብሳል፤ ትንሽ ነበልባል አልጋውን ሊያያይዘው ይችላል። ጠበል ይዛችሁ እንደ ሆነ ግንባሩን ቀቡት፣ ይበቃል። ትንፋሹ የፈጠነ ልጅ ውኃ በግድ ቢጠጣ ወደ ሳንባው ሊገባበት ስለሚችል፣ በአፉ የሚሰጠውን ሁሉ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ስጡት። በጣቱ ላይ በተሰካው መለኪያ የሚታየውን ቁጥርም አትናቁ፤ በልጁ ደም ውስጥ ስንት ኦክስጅን እንዳለ የሚናገረው እርሱ ነው።

የኢያኢሮስ ልጅ ከተነሣች በኋላ ጌታ ያዘዘውን ደግሞ ተመልከቱ። የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ። ተአምር ተደርጎ ሳለ ምግቡ አልተረሳም። ኢንፍሉዌንዛው በሚበረታበት ወቅት ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ይገባል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም የለበትም፤ ከዚያ በላይ የሆነውም ታሞ ሳለ አይገደድም። የምታጠባ እናት ልጇ አልጋ ላይ ሳለ ራሷን በጾም ብታደክም ወተቷ ይቀንሳል፣ ጉልበቷም ያልቃል። ይህን ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ እርሳቸውም እንደ አባት ይፈቱላታል።

ሁሉም ተደርጎ የማይተርፍ ልጅ አለ። በአሜሪካ በኢንፍሉዌንዛ ከሚሞቱ ልጆች ግማሽ ያህሉ ቀድሞ ምንም ሕመም ያልነበረባቸው ናቸው። ለእነዚህ ወላጆች ሊነገር የማይገባ ቃል አለ፤ ቶሎ ብትወስዱት ኖሮ፣ ብትጸልዩ ኖሮ፣ አምላክ ቢወዳችሁ ኖሮ። ጌታ በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል፤ ሊያስነሣው እያወቀ እንኳ የእኅቶቹን የማርታንና የማርያምን ኀዘን አልነቀፈም። በጥምቀት ከብሮ ያረፈ ሕፃን በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ይህን እናምናለን። ይህ እምነት የእናትን ልቅሶ የሚያስቆም ሳይሆን በልቅሶዋ መካከል የሚይዛት ነው። ለለቅሶ ስትሄዱ ይህን አስታውሱ።

የቀረኝ መከላከያው ነው። ክትባቱ ልጅን ሙሉ በሙሉ ከበሽታ አያስመልጥም፤ ነገር ግን በጽኑ ከመታመምና ከሞት የሚያድነው ብዙ ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ በኢንፍሉዌንዛ ከሚሞቱት፣ ክትባቱን መውሰድ ይችሉ ከነበሩት ልጆች፣ አብዛኞቹ ያልተከተቡ ሆነው ይገኛሉ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን መከተብ አይችልም፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ስትከተብ መከላከያዋ ወደ ልጇ ያልፍና የመጀመሪያዎቹን ወራት ይጠብቀዋል። ቤት ውስጥ ያሉት አያት፣ አክስት፣ ሞግዚት ሲከተቡ ለእርሱ አጥር ይሆኑታል። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የተባለው ትእዛዝ እንዲህ ባለ ትንሽ ነገርም ይፈጸማል።

የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ በየዓመቱ በኅዳር 12 የሚደረገው ኅዳር ሲታጠን ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። ሐሳቡ ቤትንና ሰፈርን ማጽዳት ነበር፤ ማጽዳቱን እናጥብቀው። ቆሻሻና ፕላስቲክ የሚቃጠልበትን ጭስ ግን አስም ላለባቸው ልጆች ስንል እንተወው፤ ጭሱ የሚጎዳው ኢንፍሉዌንዛ የሚያጠቃውን ያንኑ ሳንባ ነውና።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ቀኑን ከአሁኑ ያዙ። ክትባቱ የሚሠራው ከተወሰደ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው፣ ከዚህ በፊት ተከትቦ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት በተራራቀ ጊዜ ሁለት ጊዜ መከተብ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያውን በእንቁጣጣሽ ሰሞን ካስጀመራችሁት፣ ሁለተኛው በጥቅምት ይደርስለታል፤ የኅዳር ብርድም ሳይከተብ አያገኘውም። በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለልጆቻችሁ ሐኪም የምትደውሉበትን ቀን ጻፉ፤ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ካላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረዋችሁ ይደውላሉ።